የታሪክ ክበብ፦ ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ቤተሰብ ጋር

ዘንድሮ የታሪክ ክበባችን የግብፅን 18ኛ ሥርወ መንግሥት የዘር ሐረግ ሲስል ከረመ። በልጅነቱ የነገሠውን ፈርዖን ቱታንክሃሙንን የማያውቅ ተማሪ የለም። አባትና እናቱ እነማን እንደሆኑ ሲጠየቅ ግን ሁሉም ዝም አለ። ሥራው የጀመረው ከዚያ ነው።

ፍሊፕ ቻርት ለጥፈን ከአህሞስ ጀመርን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የነገሠው፣ ከእስያ መጥተው ሰሜን ግብፅን ይገዙ የነበሩትን ሂክሶሶችን ከግብፅ ያስወጣው ፈርዖን ነው። አቢዶስ ላይ ባቆመው የድንጋይ ጽሑፍ የእናቱን እናትና የአባቱን እናት ያነሣል። ልጆቹ ሁለት ሳጥን ሣሉ። አያትየው ግን አንድ ናት፤ ቴቲሼሪ። የአህሞስ ወላጆች ወንድምና እኅት ነበሩ ማለት ነው። ያን ቀን የተነሣው ጫጫታ ጎረቤት ክፍል ድረስ ተሰምቷል። ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር ሰምቶ ያደገ ልጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። እንዲህ የሚጋቡት ዙፋኑ ከቤት እንዳይወጣ ነበር፤ አማልክቱ ኦሲሪስና ኢሲስም ወንድምና እኅት ሆነው የተጋቡ ናቸው።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ፣ ይህን ያህል በሩን ዘግቶ እንኳ ቤቱ የውጭ ሰው መግባቱ ነው። ቴቲሼሪ ራሷ የንጉሥ ልጅ አይደለችም። የቀዳማዊ ቱትሞስ እናት ሰኒሰነብ ትባላለች፤ አባቱን ግን የጠቀሰ ጽሑፍ የለም። ልጁ ሃትሼፕሱት ስትነግሥ ደግሞ በዴር ኤል ባህሪ ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ የአሙን አምላክ ልጅ ሆና ተሥላለች። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ "አባቷ ንጉሥ ሆኖ ሳለ ምን አስፈለጋት?" አለች። ሴት ሆና ፈርዖን ነኝ ስላለች ነዋ! ክርክሩ ግን ሚኒ ሚዲያ ድረስ ሄደ።

ከሁሉም የወደድኩት ሣልሳዊ አመንሆቴፕን ነው። በጥንዚዛ ቅርጽ ማኅተሞች አሠርቶ የሚስቱ የንግሥት ቲዬ አባት ዩያ፣ እናቷ ቱያ እንደሚባሉ አሳወጀ። ከንጉሥ ዘር አይደሉም። ዩያ የአክሚም ሰው፣ የሠረገላ ጦር ሹም ነበር። መቃብራቸው እ.ኤ.አ. በ1905 በነገሥታት ሸለቆ ተገኝቷል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የዲኤንኤ ጥናት ላይ ስንደርስ ቻርታችን ተበላሸ። የቱታንክሃሙን አባትና እናት ሁለቱም የአመንሆቴፕና የቲዬ ልጆች ናቸው ይላል። አባትየው ከአመንሆቴፕ በኋላ የነገሠው ልጁ አክናተን ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ የማይስማሙም አሉ። እኛ ስሙን በእርሳስ ጻፍነው። ሰው አራት አያቶች አሉት፤ ይህ ልጅ ሁለት ብቻ። ስምንት ሊሆኑ የሚገባቸው ቅድመ አያቶቹም አራት ናቸው፤ ከእነሱ ሁለቱ ዩያና ቱያ። ማርከር የያዘው ልጅ መስመሩን ወዴት እንደሚስበው ጠፍቶት ቆመ።

ቱታንክሃሙን ወራሽ አልተወም። መቃብሩ ውስጥ ሳይወለዱ ወይም ሲወለዱ የሞቱ ሁለት ሕፃናት አብረውት ተገኝተዋል። ከእሱ በኋላ አይ የሚባለው አማካሪው፣ ቀጥሎ የጦር አዛዡ ሆረምሄብ ነገሡ። ከዚያ ሌላ ወታደር፣ ቀዳማዊ ራምሴስ፣ 19ኛውን ሥርወ መንግሥት ጀመረ።

ለመጪው ዓመት ተማሪዎቹ 25ኛውን መርጠዋል፤ ከዛሬዋ ሱዳን፣ ከናፓታ ተነሥተው ግብፅን የገዙትን። በመጽሐፍ ቅዱስ ቲርሐቅ ተብሎ የምናውቀው ታሃርቃ ከእነሱ አንዱ ነው። ክበቡ ዓርብ ከሰዓት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይሰበሰባል። የ9ኛ ክፍል አዲስ ገቢዎችን እንቀበላለን፤ እርሳስና ላጲስ ይዛችሁ ኑ።