ማሙሽ እንዲያነብ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣ ጅማ

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እማዬስ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ስቶክሆልም ብርዱ ገብቶ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይጨልማል።

ማሙሽ ከሀ እስከ ፐ ሳይሳሳት መውረዱ ደስ ብሎኛል። «መካከል ላይ አንዱን ስጠይቀው ግን ዝም ይላል፤ ሰነፍ ነው» ማለትሽ ከነከነኝ። እህቴ፣ ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ያጠናው ዜማውን ነው። 231 ፊደል በተራ ማዜምና አንዱን ነጥሎ ማወቅ ለየቅል ናቸው። የኔታዎች ይህን ያውቁ ነበር፤ ሀሁ የቆጠረን ልጅ ወደ አቡጊዳ የሚያሻግሩት ለዚህ ነው። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ ሲባል የለመደው ተራ ይፈርሳል፤ ልጁ ፊደሉን የግድ ማየት አለበት።

ስለዚህ የፊደል ገበታውን ለጊዜው ከግድግዳው አውርጂው። በካርቶን ቁራጭ ላይ መጀመሪያ የራሱን ስም፣ ከዚያ «ቡና»ን፣ «ላም»ን ጻፊለት። ደ እና ጀን፣ ተ እና ቸን፣ ነ እና ኘን በአንድ ቀን አታቅርቢለት፤ የሚለያቸው አናታቸው ላይ ያለው ሰረዝ ብቻ ስለሆነ አንዱ ሳይጸና ሌላው ያምታታዋል። ሂርማታ ገበያ ስትወርዱ ያወቀውን ፊደል ከሱቆቹ ስም ላይ ይፈልግ። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃዋል። እባክሽ፣ በንባብ ሰዓት እጅሽን አታንሺበት፤ የፈራ ልጅ መጽሐፍ ይሸሻል።

ትምህርት ቤት ኦሮምኛ በቁቤ፣ ቤት አማርኛ በፊደል መማሩ አያስጋሽ። ምልክት ድምፅን እንደሚወክል አንዴ የገባው ልጅ በሁለተኛው ጽሕፈት ከዜሮ አይጀምርም። አንድ ልዩነት ግን አለ፤ በቁቤ የሚጠብቅ ድምፅ ፊደሉ ተደግሞ ይጻፋል፣ በእኛ ፊደል ማጥበቅና ማላላት አይታይም። ማሙሽ «ገና» የሚል ሲያገኝ በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የሚባለው፣ የሚለይለት በጆሮው የሰማው አማርኛ ነው።

እማዬ የምታስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ማንበብ ስለማትችል «እኔ ምን እረዳዋለሁ» ብላ እንዳትርቅ። ማታ ቡናው ሲፈላ «ተረት ተረት» ስትል እርሱ «የላም በረት» ይበላት፤ መሀል ላይ ቆም ብላ «ከዚያስ ምን የሆነ ይመስልሃል?» ትበለው፤ በማግሥቱ መልሶ ይተርክላት። እኔ በምሠራበት መዋዕለ ሕፃናት ፊደል ያልቆጠሩ ልጆች ከምሳ በኋላ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ታሪክ ይነበብላቸዋል፤ አስተማሪዋም በየገጹ እየቆመች ትጠይቃቸዋለች። ባየኋት ቁጥር እማዬ ትመጣብኛለች። እርሷ ይህን ሁሉ ያለ መጽሐፍ አድርጋልናለች።

ከላክሁት ገንዘብ ላይ ለመጽሐፍ የሚሆን ጨምሬአለሁ። ሥዕል ያለው፣ በአንድ ገጽ ከሁለት መስመር ያልበለጠ ምረጪለት፤ ከተገኘ የኦሮምኛም ግዢለት። አንዱኑ ደጋግሞ አንብቢልኝ ቢልሽ እሺ በዪው፤ ቃላቱ በዓይኑ የሚለመዱት በመደጋገም ነው።

ጎረቤቶቻችንን ሁሉ ሰላም በዪልኝ።

እህትሽ፣ ከስቶክሆልም