«ከንፈራቸውን መጠጡ» ስትዪ ፈረንጁ ምን ያያል?

ደብረ ብርሃን፣ በኅዳር መጨረሻ

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል? ቤተሰቡስ፣ ከብቱስ፣ ገብሱስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ ታውቂዋለሽ፤ የእናንተን የመሐል ሜዳን ባያህልም ጣት ያደርቃል። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዓመት አልፎታል። ረስቼሽ አይደለም፤ ቢሆንም ጥፋቱ የእኔ ነውና ይቅር በዪኝ። የመንዝን የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች ስለ መንዝ ቤት ወግ በእንግሊዝኛ ያዘጋጀሻቸውን ገጾች ደጋግሜ አንብቤአቸዋለሁ። «ሰው በየቀኑ ለሚያደርጋት ትንሽ ነገር ግሥ አጣሁላት» ያልሽውን አሁን ቁጭ ብዬ ልመልስልሽ።

ከከበደው ልጀምር። እናትየዋ የጎረቤታቸውን ሐዘን ሰምተው ከንፈራቸውን መጠጡ ለማለት «ሳክ» የሚለውን ግሥ ከ«ሊፕስ» ጋር አጋጥመሽዋል። ቃል በቃል ልክ ነው። የሚያነበው ፈረንጅ ግን የሚጣፍጥ ነገር ቀምሶ አፉን የሚያጣጥም ሰው ነው የሚታየው፤ ሐዘኔታው አይደርሰውም። ከዚህ ሸሽተሽ «ታት» ወይም ምላስን አስከትለሽ «ክሊክ» ብትዪ ይብሳል፤ በእነሱ ዘንድ ያ ድምፅ ብዙውን ጊዜ ነቀፋ ነው፣ ትዕግሥት ማጣት ነው። ያዘኑት እናት ተቆጪ ሆነው ይቀራሉ። እንዲህ ሲሆን ወደ ጠቅላላው ግሥ ውረጂ፦ «ሺ ሜድ ኤ ሶፍት ሳውንድ ኦቭ ፒቲ»፣ ቀስ ያለ የሐዘኔታ ድምፅ አሰሙ እንደማለት። «ሜክ» ብቻውን ምንም አያሳይም፣ የሚፈለገውም ይኸው ነው፤ ሥራውን «ሳውንድ» እና «ፒቲ» ይሠሩታል። ድምፁ ከከንፈር መውጣቱን በመጀመሪያው ገጽ አንድ ጊዜ ንገሪያቸው፣ ከዚያ በኋላ አትድገሚው። እንግሊዝኛው ለእንቅስቃሴው ቃል እያለው ቃሉ ሌላ ስሜት የያዘ ከሆነ፣ ቃል ከማጣት የከፋ ነው። ቃል ስታጪ ታብራሪያለሽ፤ የተሳሳተ ቃል ሲኖር ግን አንባቢው የተረዳ መስሎት ያልፋል።

የዚህ ወንድም የሆነ ስሕተት ገጽ 4 ላይ አለ። ሽማግሌው ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ ሲያደርጉ እኛ «አዎን» አሉ እንላለን። አንቺ ቅንድቡን «ሬይዝ»፣ ትንፋሹን «ጋስፕ» ብለሽዋል። ቅንድብ ማንሳት ለእንግሊዝ መደነቅ ወይም መጠራጠር ነው፤ «ጋስፕ» ደግሞ የደነገጠ፣ የታመመ ወይም አየር ያጠረው ሰው ነው። ሁለቱ ሲደመሩ የተስማሙት ሽማግሌ መርዶ የሰሙ ይመስላሉ። በእኔ በኩል ግሡ ከአፍ ሥራ ይልቅ ከትርጉሙ ቢነሳ እመርጣለሁ፦ «አግሪ»፣ ወይም «ሴድ የስ»፣ ከዚያ «ኦን ኤን ኢንድሮውን ብሬዝ» (ትንፋሽ ወደ ውስጥ በመሳብ) ብሎ ማስከተል። ትርጉሙ ይቅደም፣ አካሉ ይከተል። የአንባቢው ባህልና የእኛ በሚጋጩበት ቦታ ሁሉ ይህን ቅደም ተከተል አትልቀቂ።

ግሥ ከመፈለግሽ በፊት እንቅስቃሴውን ራስሽ ቀስ ብለሽ አድርጊው። የትኛው አካል ነው የሚንቀሳቀሰው? ወዴት? አንዴ ነው ወይስ እየደጋገመ? በጉልበት ነው ወይስ በቀስታ? ለማን ነው? አማርኛችን አንዳንዱን ሳይለይ ስለሚያልፈው ነው ይህን የምልሽ። «ራሱን ነቀነቀ» ስንል እሺታም እምቢታም ሊሆን ይችላል፤ ከወሬው አካሄድ እንረዳዋለን። እንግሊዝኛ ግን ወደ ላይና ወደ ታች ከሆነ «ኖድ»፣ ወደ ግራና ቀኝ ከሆነ «ሼክ» ብሎ ያስመርጥሻል። «ኖድ» ራስን በውስጡ ይዟል፣ ስለዚህ «ሄድ» መጨመር ትርፍ ነው። «ሼክ» ግን ያለ «ሄድ» አይቆምም፤ ሰውዬው በብርድ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። ትከሻ ሰበቅ ማድረግም እንደ «ኖድ» ነው፤ «ሽራግ» ካልሽ ትከሻው ተነግሯል።

«ሰበቅ አደረገ»፣ «ነቅነቅ አደረገ»፣ «ጠጋ አለ» የምንላቸው ግን የአማርኛ ትልቅ ሀብት ናቸው፣ በገጾችሽም ላይ ያለቅጥ ረግፈዋል። «ነቀነቀ» እና «ነቅነቅ አደረገ» አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ትንሽና አጭር ነው፣ ተደርጎ ያበቃል። ይህን ለማትረፍ እንግሊዝኛ ግሡን ወደ ስም ለውጦ «ጊቭ» ያስቀድማል፦ «ጌቭ ኤ ስሞል ኖድ»፣ «ጌቭ ኤ ሽራግ»። የእኛ «አለ» እና «አደረገ» የሚሠሩትን እዚያ «ጊቭ» ይሠራዋል። ለሁሉም ግን አይሆንም፤ ለ«ጠጋ አለ» «ሙቭ» ላይ «ኤ ሊትል ክሎዘር» ጨምሪበት።

ሌላው የአማርኛ ልማድ ደግሞ እየሄድን የምናደርገውን ለሁለት መክፈላችን ነው፦ «እየዳኸ ገባ»፣ «እያነከሰ ወጣ»። ዋናው ግሥ መግባትና መውጣት ነው፣ አኳኋኑ በፊት ይመጣል። እንግሊዝኛ ይገለብጠዋል፤ አኳኋኑ ዋና ግሥ ይሆንና አቅጣጫው በትንሽ ቃል ይከተላል፦ «ክሮውልድ ኢን»፣ «ሊምፕድ አውት»። አንቺ «ኤንተርድ ክሮውሊንግ» ብለሽዋል። ስሕተት ባይባልም አማርኛው ከሥር ይታያል።

ጎንበስ ማለትን አራት ቦታ ላይ በ«ባው» ተርጉመሽዋል፣ ልክ የሆነው ግን አንዱ ብቻ ነው። «ባው» እጅ ለመንሳት ነው፤ ያለ አክብሮት አይነገርም። ለወገብ መታጠፍ ብቻ «ቤንድ» አለ። ከመሬት የወደቀ ለማንሳት ወይም በዝቅተኛው የድንጋይ ቤት በር ለመግባት «ስቱፕ» ነው፤ ጉበኑ እንዳይመታው ራሱን ቶሎ ዝቅ ካደረገ ደግሞ «ዳክ»። ዳክዬም በእንግሊዝኛ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ግሥ ነው፣ ራሷን ውኃ ውስጥ ስለምትደፍቅ። በገጽ 2 ላይ እንግዳው በበሩ ሲገባ «ባው» ስላልሽ ለመቃኑ እጅ የነሳ ሆኗል። ስግደት ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ ጉልበትና ግንባር መሬት ሲነኩ «ፕሮስትሬት» ነው፣ እሱም «ኸርሰልፍ» ወይም «ሂምሰልፍ» ይፈልጋል። «ኒል» ከጉልበት አያልፍም።

ሰው ሲገባ ብድግ ማለትን በሚገባ ይዘሽዋል፤ አንድ ነገር ብቻ። «ራይዝ» ራሱ የተነሳ ነው፣ «ሬይዝ» ሌላውን ያነሳ ነው፤ ተነሳና አነሳ እንደምንለው። አንቺ አንድ ቦታ አቀላቅለሻቸዋል። ደግሞ ሰውየው «ኖር» ብሎ ከመቀመጫው እልፍ ሳይል፣ ገቢው «በእግዜር» ሲለው መልሶ የሚቀመጥ ከሆነ ሙሉ መነሳት አይደለም። ለዚህ «ሃፍ ሮዝ» የሚባል በጣም የሚመች አነጋገር አላቸው፤ ግማሽ ተነሳ እንደማለት ነው። ነገሩ እንግሊዝኛ ውስጥ ተዘጋጅቶ ሲጠብቅሽ ደስ ይላል።

አሁን ስፌዱ ላይ እንምጣ። ማናፈስን፣ ማበጠርንና ማንገዋለልን፣ ሦስቱንም ሥራ «ሲፍት» ብለሽ ማለፍሽ አሳዝኖኛል፣ ምክንያቱም የሴቶቹ እጅ እዚያ ላይ ነው የሚታየው። መጀመሪያ አውድማው፦ የተወቃውን በመንሽና በላይዳ ወደ ነፋስ መበተን «ዊኖው» ነው። ቃሉ ከጥንቱ እንግሊዝኛ ከነፋስ ስም የወጣ ነው፤ እኛም ማናፈስ ከነፋስ ጋር አንድ ሥር ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ መንገድ ሄደዋል፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ምንም አትጨነቂ። ቤት ውስጥ ገብሱን በስፌድ ማበጠርም «ዊኖው» ይባላል፣ እጁን ለማሳየት ግን አይበቃም። ምን እንደሚሆን ተመልከቺ፦ ስፌዱ በሁለት እጅ ይያዛል፣ የፊቱ ጠርዝ ትንሽ ዘንበል ይላል፣ አንጓው ድንገት ወደ ላይ ይመዘዛል፣ እህሉ ይነሳና ይመለሳል፣ እብቁ በጠርዙ በኩል ይወጣል። እህሉ ለተነሳበት «ቶስ»፣ ለአንጓው ምዘዛ «ፍሊክ»፣ ተመልሶ ሲያርፍ «ካች»። ሦስቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲሰለፉ ስፌዱ ይንቀሳቀሳል። ማንገዋለል ደግሞ ወደ ላይ አይሄድም፤ ስፌዱ ጠፍጣፋ እንደተያዘ ክብ ይዞራል፣ ቀላሉ ወደ ላይ ወጥቶ መሐል ላይ ይሰበሰባል፣ በእጅም ይለቀማል። ይህ «ስወርል» ነው። «ሼክ» ካልሽ ወዲያና ወዲህ ይሆንና ተመልሶ ይደባለቃል። «ሲፍት» የሚገባው ዱቄቱ በወንፊት ሲነፋ ብቻ ነው፤ ቀዳዳ ከሌለ «ሲፍት» የለም።

ጉርሻ ላይ «ሃንድ-ፌድ» ያልሽውን አውጪው። እናት የሞተችበትን ግልገል በእጅ መመገብ ነው የሚመስለው። «ፊድ» ብቻውንም ሕፃን ወይም በሽተኛ ያመጣል። ድርጊቱን በየደረጃው ተከተዪው፦ እንጀራውን «ቴር»፣ ወጡን «ስኩፕ» (ማጥቀስ ብቻ ከሆነ «ዲፕ»)፣ ጠቅልሎ «ፎልድ»፣ ከዚያ አፉ ውስጥ «ፕሌስ»። «ፕሌስ» በጥንቃቄ ማስቀመጥ ነው፣ ክብር አለው፤ «ፑት» ቢሆን ክፋት ባይኖረውም ደረቅ ነው። ጉርሻ የሚለውን ቃል ራሱን ከዚያ ቀጥሎ በአማርኛው ትዪዋለሽ፣ ፈረንጁም ይማረዋል።

ሲኒ ሲሰጥ የግራ እጅ የቀኙን ክርን ደገፍ ማድረጉ አንድም ግሥ የለውም። «ሰፖርት» አልሽው፤ ክንዷ የተሰበረ ይመስላል። ለመስጠቱ «ሃንድ» በቂ ነው፣ ግራው እጅ ያለ ግሥ ይከተል፦ «ኸር ሌፍት ሃንድ አንደር ኸር ራይት ኤልቦ»፣ ግራ እጇ ከቀኝ ክርኗ ሥር እንደማለት። ግሥ መተውም አንድ ምርጫ ነው። «ሆልድ አውት» የምትዪው ግን ዘርግታ ስትጠብቅ፣ ተቀባዩ ገና ሳይነካው ነው።

እጅ ማወዛወዝን በአጭሩ። «ዌቭ» ብቻውን ሰላምታ ወይም ስንብት ነው። «ኦቨር» ካስከተልሽ ና ማለት፣ «አዌይ» ካስከተልሽ ሂድ ማለት ነው። «ቤከን» ያለ ተጨማሪ ና ነው፤ ሆኖም አንባቢው መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ያስበዋል። እኛ ወደ ታች አድርገን ጣት ስለምናጥፍ፣ የማያውቅ እንግዳ ሂድ የተባለ ሊመስለው ይችላል፣ ለጓሳ እንግዶችም ይህ ጠቃሚ ነው። «ፓልም ዳውን» (መዳፍ ወደ ታች) የሚሉትን ሁለት ቃላት አትርሺ።

ቁጢጥ ማለትን በተመለከተ፣ ሰው በእግሩ ጣትና ተረከዝ ላይ ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ «ስኳት» ነው። «ክራውች» የሚደበቅ ወይም ሊዘል የተዘጋጀ ሰው ነው፣ እሳት ለሚቆሰቁስ ሰው አይሆንም። ጭላዳው ገደል አፋፍ ላይ ቁጢጥ ሲል «ፐርች» ይበልጥ ያምርበታል።

መዝገበ ቃላቱን እንዴት እንደምትጠቀሚበት ጠይቀሽኛል። የቶማስ ሌይፐር ኬን የአማርኛ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በሁለት ቅጽ የወጣው፣ ለአማርኛው ቃል ብዙ ትርጉም ይደረድርልሻል። የትኛው ለየትኛው ሁኔታ እንደሚሆን ለመምረጥ ግን የእንግሊዝኛውን ቃል መልሰሽ እንግሊዝኛውን በእንግሊዝኛ በሚፈታ የተማሪ መዝገበ ቃላት እዪው። እንደዚያ ያለው «ሽራግ» ጋ ስትደርሺ ትከሻውንም፣ ግድ የለኝም ወይም አላውቅም የሚለውን ስሜትም ይነግርሻል። ስሜቱን የማይነግር መዝገበ ቃላት ለዚህ ሥራ አይበቃም።

የመጨረሻው ፈተና ከመጽሐፍ አይገኝም። የጻፍሽውን እንግሊዝኛ ብቻ፣ አማርኛውን ሳታሳዪ፣ እንግሊዝኛ ለሚያስተምር ባልደረባሽ ስጪውና «አንብበህ በአካልህ አድርገው» በዪው። ስለ ስፌድ የጻፍሽውን አንብቦ እጁን ወዲያና ወዲህ ካወዛወዘ ግሡ አልሠራም፤ በክብ ካዞረ ሠርቷል። «ምን ተረዳህ?» ብለሽ አትጠይቂው፤ የአገሩ ልጅ ስለሆነ ያልጻፍሽውንም ከራሱ ጨምሮ ይመልስልሻል። እጁ ግን የሚሠራው የተጻፈውን ብቻ ነው።

የማደግደጉን ገጽ ገና አልነካሁትም። ኩታው በየትኛው ትከሻ እንደሚወርድ፣ የት ላይ እንደሚታጠቅና ጫፉ ወዴት እንደሚገባ ቆመሽ እያደረግሽው በአማርኛ ጻፊልኝና በሚመጣ ሰው ላኪው። ግሡን ከዚያ አብረን እንፈልገዋለን። ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ወዳጅሽ