ለኮርሳ ሳይክል ቀለል ያለ ማርሽ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባህር ዳር ሜዳ ናት ብላችሁ ኮርሳ ሳይክል የምትገዙ ልጆች እስቲ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ውጡ፣ ማርሹ ፊት፣ ፔዳሉ ጋ፣ 53 እና 39 ጥርስ፣ ኋላ፣ ጎማው ጋ፣ ከ11 እስከ 25 ጥርስ ከሆነ እዛ ዳገት ላይ ጉልበት ነው የሚጨርሰው፣ ቆማችሁ ስትረግጡ እጀታው ግራ ቀኝ ይወዛወዛል ላቡ ዓይን ውስጥ ይገባል። ፊት 50 እና 34፣ ኋላ እስከ 32 ያለውን ብታስገጥሙ ግን በ34 እና በ32 ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ከአንድ ዙር ብዙም አያልፍም፣ በ39 እና 25 አንድ ተኩል ያልፋል እኮ። ብቻ የኋላ ካምቢዮው፣ ሰንሰለቱን ከማርሽ ወደ ማርሽ የሚያሻግረው፣ 32 ይችል እንደሆነ መካኒኩን ጠይቁት፣ ሰንሰለቱም ሊያጥር ይችላል። ቀላል ማርሽ የሰነፍ ነው የሚሉ አሉ፣ ይበሉ፣ ጉልበቱ የነሱ አይደል። ሱቆችም በናታችሁ 34 አምጡልን።

አንባቢያችሁ፣ ከባህር ዳር