ቢትኮይን በሆዱ ይዟል ስለሚባለው ሳንቲም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በሐረር ጁገል ውስጥ የብር ጌጣጌጥና የድሮ ሳንቲም በመግዛትና በመሸጥ የምተዳደር፣ የጋዜጣችሁ የቆየ አንባቢ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በከተማችንም ሆነ በድሬዳዋ «ቢትኮይን የተጫነበት ሳንቲም» እየተባለ ስለሚሸጠው ዕቃ ሲሆን፣ ለማስረዳት የምፈልገውም እንዲህ ያለው ሳንቲም ሐሰተኛ ባይሆን እንኳ ለቁጠባ ተብሎ ለሰው ሊሸጥ የማይገባው መሆኑን ነው። ሐሰተኛውን ብዙዎች ያወግዙታል፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ እውነተኛው ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ልግለጽ። ቢትኮይን እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረ፣ በእጅ የማይጨበጥ፣ በብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚያዝ መዝገብ ላይ ብቻ የሚኖር ገንዘብ ነው። መዝገቡን ማንም ከፍቶ ሊያነበው ይችላል፤ ከአንድ አድራሻ፣ ማለትም በመዝገቡ ላይ እንደ ሒሳብ ቁጥር ከሚያገለግል መለያ፣ ገንዘብ ማንቀሳቀስ የሚችለው ግን የዚያን አድራሻ ምስጢራዊ ቁልፍ፣ ማለትም ረጅም የፊደላትና የቁጥሮች ድርድር፣ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ይህን ድርድር በትንሽ ወረቀት አትሞ፣ ወረቀቱን ከሳንቲም ጀርባ አጣብቆ፣ በላዩ ላይ ሲላጥ ምልክት የሚተው አንጸባራቂ ሆሎግራም ለጥፎ መሸጥን ያስለመደው በአሜሪካ የዩታ ግዛት ነዋሪ የሆነው ማይክ ካልድዌል ነው። ካልድዌል እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ «ካሳሺየስ» በሚል ስም ባለ 1 ቢትኮይን የናስ ሳንቲሞችን ሲሸጥ ቆይቷል፤ ከፍ ባለ ደረጃም እስከ 1,000 ቢትኮይን የሚጫንባቸውን አዘጋጅቷል። በመጀመሪያዎቹ ሆሎግራሞች ላይ የሳንቲሙ ስም ፊደል ጎድሎት ታትሞ ስለነበር፣ በማንኛውም የሳንቲም ስህተት ላይ እንደሚሆነው ሁሉ፣ እነዚያው ጎደሎዎቹ በሰብሳቢዎች ዘንድ ይበልጥ ተፈላጊ ሆኑ። የሳንቲሙ ዋጋ እንግዲህ ሁለት ነገሮችን ያዘለ ነው፤ አንደኛው የተጫነበት ቢትኮይን፣ ሁለተኛው ደግሞ ሆሎግራሙ ሳይነካ በመቆየቱ ሰብሳቢ የሚጨምርበት ገንዘብ ነው። ሆሎግራሙ የተላጠ ዕለት ሁለተኛው ይጠፋል።

በእኔ ሙያ አንድ ሳንቲም በእጅ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው ለዋጋው ዋስ የሚሆነው ምን እንደሆነ ነው። የጠገራ ብር ዋስ ራሱ ብሩ ነበር። በማሪያ ቴሬዛ መልክ የሚመታውና በማንኛውም ጊዜ ቢመታ 1780 የሚለውን ዓመት ይዞ የሚወጣው ይህ ሳንቲም 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁም ንጹሕ ብር ነው። ነጋዴው በንግሥቲቱ ትከሻ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥራል፣ ጠርዙን በጣቱ ይዳስሳል፣ በሚዛን ያስቀምጣል፤ ከተጠራጠረም አንጥረኛ ዘንድ ወስዶ ያስቀልጠዋል፤ ቢቀልጥም አምባር ይሆናል እንጂ አይጠፋም። የሐረር አሚሮች ያስመቱት የነበረው ማሐለቅ ደግሞ ከብረቱ ይልቅ በላዩ በዓረብኛ በተቀረጸው ስም የሚታመን ነበር። ከተማዪቱ በ1879 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ሥር ከገባች በኋላም እርሳቸው በ1885 ዓ.ም. እዚሁ ሐረር ላይ በስማቸው ማሐለቅ አስመትተዋል። በብረቱ የሚታመነውም ሆነ በስሙ የሚታመነው ሳንቲም አንድ የጋራ ጠባይ ነበራቸው፤ ከገዢው እጅ ከገቡ በኋላ የገዢው ነበሩ። ያስመታው አሚር ቤተ መንግሥቱ ተቀምጦ በገበሬው መቀነት የተቋጠረውን ማሐለቅ ባዶ ሊያደርገው አይችልም ነበር።

ቢትኮይን የተጫነበትን ሳንቲም የሠራው ሰው ግን ይህን ማድረግ ይችላል። ቁልፉን መጀመሪያ ያየው፣ ወይም በኮምፒውተሩ አስወጥቶ ያተመው እርሱ ነውና፤ አንድ ቅጂ ለራሱ አስቀርቶ ከሆነ ከሳምንትም ሆነ ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በሌላ አገር ሆኖም ቢሆን፣ ገንዘቡን ወደ ሌላ አድራሻ ሊያሻግረው ይችላል። ሆሎግራሙ አይነካም፣ ሳንቲሙ ከሳጥን አይወጣም፣ ባለቤቱም ምንም አይሰማም። ሻጩ የመዝጊያውን ቁልፍ ቅጂ ኪሱ ውስጥ ይዞ ቤት እንደሚሸጥ ሰው ማለት ነው፤ ልዩነቱ የቤቱ ሌባ በጎረቤት ዓይን ሊታይ መቻሉ ነው።

በቅርቡ አንድ ወጣት ከድሬዳዋ ተነሥቶ፣ ባጃጅ ለመግዛት ካጠራቀመው ገንዘብ ከፊሉን የከፈለበትን እንዲህ ያለ ሳንቲም ይዞ ወደ ሱቄ መጣ። «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ ስንት ያወጣል?» ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። በማጉያ መነጽር አየሁት። በአንዱ ገጹ ላይ ሁለት ቋሚ መስመር ያለፈበት የላቲን «ቢ» ፊደል አለ፤ ወርቃማው ቅብ ከጠርዙ ላይ ሳስቶ ከሥሩ ሌላ ብረት ይታያል። በጀርባው የተለጠፈው ሆሎግራም ዙሪያው ምንም አልተነሣም፤ ተልጦ ቢሆን ኖሮ የሚታየው የማር እንጀራ መሳይ ምልክትም የለበትም። ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ የሳንቲሙን አድራሻ በኢንተርኔት መዝገቡ ላይ ፈልጎ አሳየኝ፤ ከአንድ ቢትኮይን እጅግ ትንሽ ክፋይ ቢሆንም ገንዘቡ በእርግጥ ተመዝግቦ ነበር። «ይኸው፣ አለ» አለኝ ደስ ብሎት።

«ቁልፉን ማን አዘጋጀው?» ብዬ ጠየቅሁት። ሻጩ ራሱ በላፕቶፑ አስወጥቶ፣ በፊቱ አትሞ፣ በፊቱ እንዳሸገለት በሙሉ ልብ ነገረኝ፤ እንዲያውም ያመነው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ጨመረልኝ። እኔን ደግሞ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ይኸው ነው። ሲታሸግ ማየት ወረቀቱ አንድ መሆኑን እንጂ ቁልፉ አንድ መሆኑን አያሳይም፤ ላፕቶፑ ውስጥ የቀረውን ማንም አላየም። በአድራሻው ላይ ገንዘብ መኖሩም ገንዘቡ ዛሬ እዚያ መሆኑን ብቻ ይናገራል፤ ቁልፉን ስንት ሰው እንደሚያውቀው ሊናገር አይችልም። ሆሎግራሙን ልጦ ገንዘቡን ራሱ ብቻ ቁልፉን ወደሚያውቀው አዲስ አድራሻ እንዲያዛውር መከርሁት። አልፈለገም፤ ሻጩ «ከተላጠ መልሼ አልገዛህም» ብሎት ነበርና። ስለዚህ ገዢው ራሱን ማዳን የሚችልበትን ብቸኛ እርምጃ እንዳይወስድ የሚከለክለው የሻጩ የመልሶ ግዢ ቃል ነው። ሻጩ አጭበርባሪ ነው አላልሁም፤ ታማኝ ሰው ሊሆን ይችላል። ግን ታማኝ ሰው ላፕቶፑ ይሰረቅበታል፣ ቫይረስ ይገባበታል፣ ይሞታል፤ ዕቃዎቹም በማያውቃቸው ሰዎች እጅ ይገባሉ።

ለዚህ ችግር መፍትሔ አለው የሚሉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ትክክልም ናቸው፤ ግን በከፊል ነው። ካልድዌል ራሱ ያቀረበው፣ ቢፕ 38 የሚባል አሠራር አለ። በዚህ አሠራር ገዢው አስቀድሞ የራሱን የይለፍ ቃል ይመርጥና ከዚያ የተገኘ መለያ ለሠሪው ይልካል፤ ሠሪው በዚያ መለያ ላይ ተመሥርቶ የተቆለፈ ቁልፍ ያትማል፤ የይለፍ ቃሉን ስለማያውቅ ግን ገንዘቡን ማንቀሳቀስ አይችልም። ይህ በእርግጥ የሠሪውን እጅ ያስራል። ይሁንና ያ ሳንቲም ከመጀመሪያው ገዢ ወደ ሁለተኛው ሲሸጋገር የይለፍ ቃሉ አብሮ መተላለፍ አለበት፤ ያኔ ቅጂ ሊያስቀር የሚችለው ሠሪው መሆኑ ቀርቶ የመጀመሪያው ገዢ ይሆናል። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር፣ እንደ ጠገራ ብር በገበያ የሚታመን ሳንቲም በዚህ መንገድ አይገኝም።

ማሸጊያውም ቢሆን የሚባለውን ያህል አስተማማኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በላስ ቬጋስ በተካሄደው ዴፍ ኮን በተባለው የኮምፒውተር ጠላፊዎች ጉባኤ ላይ የካሳሺየስ ሆሎግራም ሙጫ የሚያላቅቅ ፈሳሽ በቀጭን መርፌ ከሥሩ በመስጠት ምልክት ሳይተው ሊነሣና ተመልሶ ሊለጠፍ እንደሚችል ታይቷል። በሁለተኛ እጅ የሚገዛ ሰው ይህን ልብ ይበል።

ባዶ ስለሆኑት ብዙ ማለት አያስፈልገኝም። የቢትኮይን ምልክት ያለባቸው፣ ወርቅ የተቀቡ፣ ቁልፍም አድራሻም የሌላቸው መታሰቢያዎች በኢንተርኔት ሱቆች በጥቂት ዶላር ይሸጣሉ፤ ከዱባይ በሚመጡ ሻንጣዎችም ወደ እኛ ይደርሳሉ። ለጌጥ የሚገዛቸው ሰው የተበደለው ነገር የለም። በጀርባው አድራሻም ቁልፍም ሳይኖረው «ውስጡ ቢትኮይን አለ» ተብሎ ከተሸጠ ግን ማታለል ነውና ፖሊስ ያውቀዋል።

ሰዎች ለምን ወደዚህ እንደሚያዘነብሉ አልስተውም፤ ልወቅሳቸውም አልፈልግም። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዚያ ጊዜ በባንክ ያስቀመጠው ገንዘብ አቅም ሲያጣ ያየ ሰው ሌላ ማስቀመጫ ቢፈልግ ምን ይደንቃል? እናቶቻችን ወርቅና ብር ጌጥ የሚገዙት ለዚሁ ነበር። ሳንቲሙ እንደ ወርቅ የሚጨበጥ መስሎ መቅረቡ ነው ጉዳቱ፤ የሚጨበጠው ናሱ ብቻ ነው፤ ዋጋ ያለው ነገር በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ምስጢር ነው፣ ምስጢር ደግሞ ያለ ምልክት ይባዛል።

ሕጉን በሚመለከትም በከተማው ብዥታ አለ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ብር መሆኑንና በቢትኮይንና በመሳሰሉት ክፍያና ግብይት መፈጸም ሕገ ወጥ መሆኑን ገልጿል። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በዳታ ማይኒንግ፣ ማለትም በኮምፒውተር ቢትኮይን በማምረት ሥራ፣ ለተሰማሩ ኩባንያዎች ኃይል በውጭ ምንዛሪ ይሸጣል፤ ሻጮችም «መንግሥት ራሱ የገባበት ነገር ነው» እያሉ ይህን እንደ ፈቃድ ይጠቅሱታል። ኤሌክትሪክ መሸጥና ቢትኮይንን ለገበያ ማቅረብ ግን የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። በአሜሪካም ቢሆን ጥያቄው ቀላል አልነበረም፤ የአገሪቱ ግምጃ ቤት የፋይናንስ ወንጀሎችን የሚከታተለው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ለካልድዌል በጻፈው ደብዳቤ ቁልፍ የያዘ ሳንቲም መሸጥ ገንዘብ እንደ ማስተላለፍ የሚቆጠር፣ ምዝገባም የሚያስፈልገው ሥራ መሆኑን ስላሳወቀው በዚያው ዓመት በኅዳር ወር መገባደጃ ላይ ቢትኮይን የተጫነባቸውን ሳንቲሞች ትእዛዝ መቀበል አቁሟል። የድሬዳዋ ነጋዴ ግን የጌጣጌጥ ወይም የኤሌክትሮኒክስ ንግድ ፈቃድ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ይህንኑ ያደርጋል።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ ቢትኮይን የተጫነበትን ሳንቲም መሸጥ የመታሰቢያ ዕቃ ንግድ ነው ወይስ የገንዘብ ሥራ፣ ይህንን ብሔራዊ ባንክንና የሁለቱን ከተሞች የንግድ ቢሮዎች ጠይቃችሁ ምላሻቸውን እንድታትሙልን ነው። ሁለተኛው፣ ምላሹ እስኪገኝ ድረስ የእንዲህ ዓይነት ሻጮችን ማስታወቂያ ባለመቀበል ለአንባቢዎቻችሁ እንድታስቡ ነው።

ለሻጮች ደግሞ እንደ ባልደረባ የምላቸው አለኝ። በደረሰኙ ላይ ሳንቲሙ ባዶ ወይም የተጫነበት መሆኑን፣ አድራሻውን፣ ቁልፉን ማን እንዳዘጋጀውና የይለፍ ቃሉ በማን እጅ እንዳለ ጽፋችሁ ፈርሙ። ይህን ለመጻፍ የማይደፍር ሰው ሳንቲሙንም መሸጥ የለበትም። ሳንቲሙን ቀድሞ የገዛችሁ አንባቢዎችን ደግሞ የሻጩ መልሶ የመግዛት ቃል አያዘግያችሁ፤ ስለ ኮምፒውተር የሚያውቅ የምታምኑት የቤተሰብ ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ በራሳችሁ ስልክ አዲስ አድራሻ ክፈቱ፤ ቁልፉን በእጃችሁ ጽፋችሁ ለማንም ሳታሳዩ አስቀምጡ፤ ከዚያም ሆሎግራሙን ልጣችሁ ገንዘቡን አሻግሩ። የሰብሳቢው ጭማሪ ይቀርባችኋል፤ ቢትኮይኑ ግን የእናንተ ብቻ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፤
የብር ጌጣጌጥና የድሮ ሳንቲም ነጋዴ
ሐረር፣ ጁገል
(ሙሉ ስሜንና አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ አስመዝግቤአለሁ።)