ክንፉ ከላይ ስለሆነ አላረጀም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ትንንሽ አውሮፕላኖች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደስ ብሎኝ ጀምሬው ነበር። መሀል ላይ ስደርስ ግን ክንፋቸው ከላይ የተገጠመ አውሮፕላኖች ጊዜ ያለፈባቸው እንደሆኑ፣ የዛሬ አብራሪም ክንፉ ከታች የሆነውን ብቻ እንደሚመርጥ ተጽፎ አገኘሁ። የሥራ ዘመኔን በትንንሽ አውሮፕላን ላይ ያሳለፍኩ፣ አሁን ገላን የምኖር ጡረተኛ አብራሪ ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሴስና 172 ክንፉ ከላይ ነው። ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1956 ሲሆን ከ44,000 በላይ ተመርቷል፤ በዓለም ላይ በብዛት ይህን ያህል የተመረተ ሌላ አውሮፕላን የለም። ዛሬም ከፋብሪካ ይወጣል። ወደ ክልል ከተሞች የሚበረው ኪው 400ም ክንፉ ከላይ ነው፤ ትልልቅ ውልብልቢቶቹ ከመሬት እንዲርቁ ታስቦ የተሠራ ነው። ትልልቆቹ ጄቶች ክንፋቸው ከታች ስለሆነ ትንሿም እነሱን ካልመሰለች አላደገችም ማለት ከየት የመጣ ሚዛን ነው?

እውነቱን ለመናገር ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያ መምህር የሚተክልብን ፍቅር ነው። አንድ የሙያ ጓደኛዬ በአየር ኃይል የሠለጠነው ክንፉ ከታች በሆነው በሳብ ሳፊር ነበር። አሁንም ቢሾፍቱ ወርጄ ምሳ ስንበላ «ክንፌን ቁልቁል እያየሁ ካልሄድኩ የበረርኩ አይመስለኝም» ይለኛል። እኔ ደግሞ ቁልቁል ማየት የምፈልገው መሬቱን ነው። ይህ ክርክር ሲሞቅ ክትፎው ይቀዘቅዛል።

ጽሑፉ የዘለለው ትልቁ ነገር የነዳጁ ጉዳይ ነው። ሴስና 172 ላይ ነዳጁ ያለው ከራስ በላይ፣ ክንፉ ውስጥ ስለሆነ፣ ጣራ ላይ ከተሰቀለ ሮቶ እንደሚወርድ ውኃ በገዛ ክብደቱ ወደ ሞተሩ ይፈስሳል። አብራሪው ታንክ የሚመርጥበት ማዞሪያ፣ መምረጫው ላይም «ሁለቱም» የሚል ቦታ አለ፤ ከግራም ከቀኝም በአንድ ጊዜ ይቀዳል። እንደ ፓይፐር ቼሮኪ ባለው፣ ክንፉ ከታች በሆነው አውሮፕላን ግን ነዳጁ ከሞተሩ በታች ስለሚሆን ፓምፕ ይጠይቃል፤ መምረጫውም ግራ ወይም ቀኝ እንጂ «ሁለቱም» አይልም። አብራሪው በየጊዜው ታንክ መቀያየር አለበት። ይህን የረሳ ሰው አንዱ ታንክ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሞተሩ ሊጠፋበት ይችላል።

ለጠዋት ፍተሻ ግን ቼሮኪ ይሻላል፤ እዚህ ላይ ለጓደኛዬ እፈርድለታለሁ። የነዳጁን መጠን ቆመህ ክዳኑን ከፍተህ ታያለህ። ሴስና ላይ መሰላል ወይም መወጣጫ ያስፈልጋል። ከሁለቱም ታንክ ሥር በትንሿ ብርጭቆ ነዳጅ ትቀዳና ወደ ብርሃን ታነሣታለህ። ቤንዚኑ ሰማያዊ ቀለም አለው፤ ውኃ ካለበት ቀለም የሌለው እንክብል ሆኖ ከሥር ይተኛል። በእኛ ደጋ ብርድ፣ ታንኩ ጎደሎ ሆኖ ካደረ፣ ይህችን እንክብል ማግኘት ብርቅ አይደለም።

መሳፈሩም ይለያያል። ቼሮኪ በር ያለው በቀኝ በኩል ብቻ ነው፤ ተሳፋሪው ክንፉ ላይ ወጥቶ፣ ጥቁሯን መርገጫ ብቻ ረግጦ መግባት አለበት። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቀሚሳቸውን በአንድ እጅ ሰብስበው በክረምት ዝናብ ያን ክንፍ የወጡ እናት አይቻለሁ፤ ከላይ ሆነው የመረቁን ምርቃት ግን ምርቃት አይመስልም ነበር። ሴስና ግን በግራም በቀኝም በር አለው፤ ክንፉም ዝናቡን ይከልላል። ጎንበስ ማለት የረሳን ሰው ግን ክንፉ ግንባሩ ላይ ምልክት ይተውለታል፤ ምልክቱን የያዙ ብዙ የሴስና አፍቃሪዎች አውቃለሁ።

ወደ እይታ ልመለስ፤ ሠልጣኞች በደንብ እንዲሰሙኝ የምፈልገው ይህን ነው። ክንፉ ከላይ የሆነ አውሮፕላን ወደ ግራ ሲታጠፍ የግራ ክንፉ ዝቅ ብሎ የሚሄድበትን አቅጣጫ ይጋርድበታል። ስለዚህ ከመታጠፍ በፊት ክንፉን ትንሽ ከፍ አድርጎ ማየት ደንብ ነው። ክንፉ ከታች የሆነው ሲታጠፍ አቅጣጫው ይታየዋል፤ የተሰወረው ከሥሩ ያለው ነው። ሁለቱ ወደ አንድ ማኮብኮቢያ ሲወርዱ ባለ ታች ክንፉ ከላይ፣ ባለ ላይ ክንፉ ከታች ከሆኑ አንዱ ሌላውን ፈጽሞ ላያየው ይችላል። ክንፉ ከታች የሆነውን ብቻ ያስቀደመው ጸሐፊያችሁ ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነበር።

ሥራም ይመርጣል። ጋምቤላ ወይም ደቡብ ኦሞ ውስጥ ከሣር ሜዳ ለሚነሣ ሰው ክንፉ ከቁጥቋጦውና ከኩይሳው በላይ ቢያልፍለት ይሻለዋል። የበረሃ አንበጣ መከላከያው ቢቨር አውሮፕላኖች ክንፋቸው ከላይ መሆኑ ያለ ምክንያት አልነበረም። በአንጻሩ የካቲትና መጋቢት ከሰዓት በኋላ የጎን ንፋስ ሲያስቸግር፣ ጎማዎቹ ሰፋ ብለው የቆሙ ባለ ታች ክንፍ መሬት ላይ ይረጋል። በፍጥነት ከመጣ ግን ከማኮብኮቢያው ጥቂት ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል እንጂ ቶሎ አይቀመጥም። ክርክሩን የገላገለችው እዚሁ አዲስ አበባ የተገጣጠመችው የእርሻ መድኃኒት መርጫዋ አውሮፕላን «እሸት» ብቻ ትመስለኛለች፤ ክንፍ ከላይም ከታችም ነበራት።

ለማንኛውም እዚህ አገር ከክንፉ ይልቅ የሚያሳስበው የአየሩ መሳሳት ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ተርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ የሚያስገባለት መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ ባለ 160 ፈረስ ጉልበቱ ወደ 120 ይወርዳል። ዳይመንድ 40 የተባለው ትንሽ አውሮፕላን ተርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር ይዞ ሲመጣ እዚህ የተወደደለት ክንፉ ከታች ስለሆነ ሳይሆን ጉልበቱን ስለማይለቅ ይመስለኛል።

ስለዚህ ጊዜ ያለፈባቸው የተባለው በሚቀጥለው እትም እንዲታረም እጠይቃለሁ። ጸሐፊው ስለ ከፍታና ስለ ሞተር ጉልበት መጻፍ ከፈለገ ማስታወሻዎቼን ላውሰው ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ አብራሪ፣ ከገላን