«መጀመሪያ ሱሱን ይተው» ላላችሁት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሱስ ሕክምና ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። አንዷ ዓረፍተ ነገር አናደደችኝ፦ «ታካሚው መጀመሪያ ከሱሱ መላቀቅ አለበት፤ የአእምሮ ሕክምናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።» ማን አላችሁ? ምንጭ አልጠቀሳችሁም። አንድ አስታማሚም አላነጋገራችሁም።

ወንድሜ ድብርትም የመጠጥ ሱስም አለበት። ይህንኑ ነገር ከእናንተ በፊት ሰምተነዋል። የአእምሮ ሕክምናው ክፍል «ጠጥቶ ነው የመጣው፤ ሲተው አምጡት» ብሎ መለሰን። ማገገሚያው ደግሞ «ድብርት ያለበትን አንቀበልም፤ መጀመሪያ አሳክሙት» አለን። እሱ ኮሪደር ላይ ተቀምጦ እጁ ይንቀጠቀጣል። ውኃ እንኳ የሚጠጣው ብርጭቆውን እኔ ይዤለት ነበር።

ብዙ የጠጣን ሰው «ትተህ ና» ብሎ መሸኘት ትልቅ ጥፋት ነው። ሰውነቱ አልኮል የለመደ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊያንቀጠቅጠው፣ ሊያቃዠው፣ ሊገድለውም ይችላል። ጋዜጠኛው ይህን ሳያጣራ ነው የጻፈው?

መጠጡ ራሱ ድብርት ሊያመጣ እንደሚችል አውቃለሁ። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ መጠጡ በቆመ በሳምንታት ውስጥ ይቀላል። ሌላው ግን ድብርቱ ቀድሞት ነው ወደ መጠጥ የሚሄደው። ለጥቂት ሰዓት ይረጋጋል፣ በማግስቱ ብሶበት ይነሳል፣ መልሶ ይጠጣል። የቱ እንደሆነ የሚለየው ሐኪም ሲከታተለው ነው። ቤቱ ከተመለሰ ማን ይለየዋል? የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ሱስንና ድብርትን ያስቀመጠው በአንድ ምዕራፍ ነው። እናንተ በምን ሥልጣን ለያያችኋቸው?

ወንድሜ አሁን ሁለቱንም አንድ ላይ የምታክመው ሐኪም አግኝቷል። የድብርት መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ስለ መጠጡም እዚያው ወንበር ላይ ያወራሉ። ጠጥቶ በሄደበት ቀን እንኳ አታባርረውም። ጨርሶ አልተወም፤ ግን ቀንሷል፣ ቀጠሮም አያስቀርም። ያለ እሷ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ዘገባችሁ በወጣ ማግስት አክስታችን ደወለች። «ጋዜጣውም ብሎታል፤ መጠጡን እስኪተው መድኃኒቱን አስቁሙት» አለችን። የእኔን ማስረዳት አልሰማችም፤ እናንተን ነው የምታምነው። ስለዚህ ማረሚያው ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው መጠን ይውጣልን።

የታካሚው እህት