2 ከሆነ ብየዳ፣ 3 ከሆነ ፔስት (የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ)

የመጽሔቱ ኮሚቴ "የክበብህን ዘገባ በአንድ ገጽ" ብሎኝ ነበር፣ በአንድ ገጽ አልቻልኩም ይቅርታ። ሌሎቹ ክበባት ችግኝ ተከሉ፣ ድራማ ሰሩ፣ ሚኒ ሚዲያም እንደምታውቁት ጠዋት ጠዋት አላስተኛ አለን፣ እኛ ግን ዓመቱን ሙሉ የክብሪት ቀፎ የምታክል የኮምፒውተር ፕሮሰሰር (ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው ክፍል) የብረት ክዳን ስር ምን እንዳለ ስንከራከር ነው የከረምነው።

ነገሩ የተጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። ኮዬ ፈጬ የሚኖር ሰው ያውቀዋል፣ ዝናቡ ቆመ ማለት አቧራው ጀመረ ማለት ነው፣ መንገዱ አላለቀም፣ ከአጥሩ ውጪ ገልባጭ ሲመላለስ ይውላል፣ እና ያ አቧራ ሁሉ መጨረሻው የት ነው ብትሉ የላብራችን ኮምፒውተሮች ሆድ ውስጥ ነው። 24 ዴስክቶፕ አሉን፣ ሁሉም በስጦታ የመጡ ያገለገሉ ዴል ኦፕቲፕሌክሶች፣ ግማሾቹ ሞዴል 790 ግማሾቹ 7010። ከነሱ 7ቱ ክፍለ ጊዜ መሃል ድርግም ብለው ይጠፋሉ። ልጆቹ ቫይረስ ነው አሉ። (እዚህ ግቢ ቫይረስ ያልተከሰሰበት ነገር የለም።)

የፕሮሰሰሩን ሙቀት የምታሳየዋን ኮር ቴምፕ የምትባል ነጻ ሶፍትዌር ጭነን ቁጭ ብለን ማየት ጀመርን። አንዱ 7010 ላይ ቁጥሩ 70፣ 80፣ 90 እያለ ወጣ፣ 94 ላይ ሲደርስ አንዷ የ10ኛ ክፍል ልጅ "ቲቸር፣ ይሄ እኮ ውሃ ያፈላል!" አለች። ሳቅን ግን ልክ ነች፣ መጽሐፉ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ቢባልም አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች እኛ ጋ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ይኸው ከፍታ ሌላም ጣጣ አለው፣ አየሩ ከባህር ዳርቻ አየር በ20 ፐርሰንት ገደማ ስለሚሳሳ ፋኑ በዛው ፍጥነት እየዞረ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ኮምፒውተሩ ትንሽ ቆይቶ 100ን አለፈ፣ እንደ ኤሊ መንፏቀቅ ጀመረ፣ ከዛ ድርግም።

ከፈትነው። አቧራውን አልነግራችሁም፣ የኩለሩ (ፕሮሰሰሩ ላይ ተጭኖ ሙቀቱን የሚወስደው ብረትና ፋን) ክንፎች መሃል እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። አራቱን ብሎን ፈትተን ኩለሩን ስናነሳ ስሩ ያለው ተርማል ፔስት (ሙቀት አሳላፊ ቅባት) ደርቆ እንደ ግድግዳ ቀለም ተፈረፈረ። እዚህ ጋ ነው ጥያቄው የመጣው፣ ብረትና ብረት እየተነካኩ መሃላቸው ላይ ቅባት ለምን አስፈለገ? እኔ ስለ ረቂቅ ሸካራነት ምናምን ማስረዳት ስጀምር አንዱ ልጅ ቀደመኝ፣ "ታቹ የጎበጠ ድስት ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ሲጣድ አይፈላም አይደል፣ እንደዛ ነው" አለ። በቃ ከሱ በላይ አላስረዳም። ሁለቱም ብረት ለስላሳ ይመስላል እንጂ ቦታ ቦታ ብቻ ነው የሚነካኩት፣ የቀረው ክፍተት አየር ነው፣ አየር ደግሞ ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ 0.026 ዋት በሜትር በኬልቪን ነው፣ መዳብ 400 አካባቢ። ፔስቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 በታች ነው፣ ከመዳብ ጋር ሲተያይ ምንም ነው፣ ከአየር ጋር ሲተያይ ግን ጌታ ነው። ስለዚህ ሥራው ክፍተት መሙላት ብቻ ነው፣ ሲበዛ ራሱ ግድግዳ ይሆናል። ልጆቹ መጀመሪያ ዳቦ ላይ ማርማላታ እንደሚቀባ ነበር የሚያደርጉት፣ በኋላ "ምስር እንጂ ሽምብራ አይደለም" የሚል ሕግ ወጣ። ብሎኖቹም እንደ መኪና ጎማ በሰያፍ ነው የሚጠብቁት፣ በአንድ በኩል አጥብቀን ሌላውን ረስተን አንዴ ተሸውደናል።

ያ 94 ሲያሳይ የነበረው ማሽን ተጠርጎ፣ በአልኮልና በሶፍት ተወልውሎ፣ አዲስ ፔስት ተደርጎለት ከ68 አላለፈም። ከ7ቱ 6ቱ በዚሁ ዳኑ፣ አንዱ ፓወር ሰፕላይ ነበር የነካው። (የጥርስ ሳሙና አይሆንም ወይ ያሉም ነበሩ፣ አንዱ ላይ ሞከርን፣ በመጀመሪያው ቀን ደህና ነበር፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደርቆ ወደ ድሮው ተመለሰ፣ ላቡም ሚንት ሚንት ሸተተ።)

እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር። ችግሩ የመጣው ዩቲዩብ የሚያይ ልጅ ስላለን ነው። "ቲቸር፣ እኛ የቀየርነው የላይኛውን ነው፣ ክዳኑ ስር ሌላ አለ" አለኝ። እውነቱን ነው። ፕሮሰሰር ብለን የምናየው የብረት ክዳን ቺፑ አይደለም፣ ቺፑ ከስሩ ነው ያለው፣ ሙቀቱ መጀመሪያ ከቺፑ ወደ ክዳኑ፣ ከዛ ከክዳኑ ወደ ኩለሩ ነው የሚሄደው፣ ሁለት ድልድይ አለ ማለት ነው። የታችኛውን ፋብሪካው ነው የሚሠራው፣ ወይ በብየዳ (ቀልጦ በሚያጣብቅ ብረት) ወይ በፔስት። የሚገርመው ደግሞ የኛ ላብ ውስጥ ሁለቱም አሉ! 790ዎቹ ላይ ያለው ኮር አይ5-2400 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሳንዲ ብሪጅ፣ በብየዳ። 7010ሮቹ ላይ ያለው አይ5-3470 ነው፣ በ2012 የወጣው አይቪ ብሪጅ፣ በፔስት። ሶኬታቸው አንድ ነው፣ መልካቸው አንድ ነው፣ ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ክዳኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ካላነበባችሁ አትለዩአቸውም። ከዛን ቀን ጀምሮ ልጆቹ የፕሮሰሰሩን ቁጥር መጀመሪያ አሃዝ ይዘው "2 ከሆነ ብየዳ፣ 3 ከሆነ ፔስት" እያሉ ሰልፍ ላይ ሳይቀር ይዘፍኑታል።

የነዚህ ፕሮሰሰሮች አምራች ኢንቴል ከብየዳ ወደ ፔስት ለምን ቀየረ የሚለው ብዙ አጨቃጨቀን። ርካሽ ስለሆነ ነው ያሉ አሉ፣ ቺፑ እያነሰ ሲሄድ ብየዳው በሙቀትና በቅዝቃዜ መፈራረቅ ይሰነጠቃል ያሉም አሉ፣ ሁለቱም የሚባል ነው። ያኔ ክዳኑን ከፍተው ፔስቱን የቀየሩ ሰዎች ሙቀቱ በደንብ እንደወረደላቸው ይታወቃል፣ ጥፋቱም የፔስቱ ብቻ ሳይሆን ክዳኑን የሚይዘው ጥቁር ሙጫ ወፍሮ ክዳኑን ከቺፑ ስላራቀው ነበር። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2018 አይ9-9900ኬ ላይ ወደ ብየዳ ተመለሰ። ተፎካካሪው ኤኤምዲም እ.ኤ.አ. በ2017 ራይዘን የተባለውን ፕሮሰሰሩን በብየዳ አውጥቶ በዓመቱ ርካሾቹን 2200ጂ እና 2400ጂ በፔስት አወጣ፣ ስለዚህ ሁሉም ኪሱን እያየ ነው የሚሰራው ባይ ነኝ እኔ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ፣ ልጆቹ "ቲቸር ይሄን ካልጻፉ እኛ እንጽፈዋለን" ስላሉኝ ነው። ጥር ላይ ማዘርቦርዱ ከተቃጠለ 7010 የወጣ 3470 ነበረን፣ በምላጭ ዙሪያውን ያለውን ሙጫ ቀስ እያልኩ ቆረጥኩት፣ 20 ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ክዳኑ ተነሳ፣ ስሩ የደረቀ ግራጫ ፔስት፣ መሃል ላይ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ሞላላ ቺፕ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔም ጭብጨባው ገባብኝና "ቆይ 2400ውንም ላሳያችሁ" አልኩ። ይሄኛው ደግሞ የሚሰራ ፕሮሰሰር ነው፣ መለዋወጫ ተብሎ የተቀመጠ። ሙጫውን ቆረጥኩ፣ ክዳኑ ንቅንቅ አይልም። ዩቲዩበሩ ልጅ "ቲቸር ብየዳ ነው እኮ" አለኝ፣ እኔ አውቃለሁ ግን እጄ አላወቀም፣ ጠፍጣፋ መፍቻ አስገብቼ ወደ ላይ ስል ቀጭ! አለ። ክዳኑ ተነሳ። ቺፑም ግማሹ ክዳኑ ላይ ተለጥፎ አብሮ ተነሳ። ክፍሉ ውስጥ የዝንብ ድምፅ ይሰማ ነበር።

ጋሼ ንብረት ክፍል ፎርሙን ይዘው "ምክንያት የሚለው ላይ ምን ልጻፍ?" አሉኝ፣ "ክዳኑ ሲከፈት ተሰበረ" አልኳቸው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "ማን ክፈት አለህ?" አሉኝ። ከኪሴ ሌላ ገዝቼ ተካሁ።

ግን የተሰበረው ነገር ከምንም በላይ አስተማረን፣ ምክንያቱም ብየዳው ፊት ለፊት ታየ። እንደ ብር ያብለጨልጫል፣ በጥፍር ሲጫሩት ይጫራል። ኢንዲየም የሚባል ብረት ነው፣ ከእርሳስ ይለሰልሳል፣ ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ 80 አካባቢ ነው፣ ከፔስቱ ጋር አስቡት። ሚያዝያ ላይ ክርክር አዘጋጀን፣ ብየዳ ቡድንና ፔስት ቡድን፣ ዳኛው የፊዚክስ መምህሩ። ብየዳዎቹ ይቺን 80 ይዘው እንደሚያሸንፉ እርግጠኛ ነበሩ። የፔስት ቡድኗ ልጅ ተነስታ "ብየዳ ጥሩ ነው፣ ግን ሲበላሽ ቲቸር እንዳደረጉት ነው የምታደርጉት፣ ፔስት ግን ጠርገህ ትቀባዋለህ" አለች። አዳራሹ ወደ እኔ ዞረ። ዳኛው ለሷ ሰጡ፣ እኔ በበኩሌ ብየዳ ነኝ፣ 790ዎቹ ያን ሁሉ ዓመት ሠርተው ክዳናቸው ስር የደረቀ ነገር የለም፣ የኛ ጣጣ ሁሌም ላይኛው ፔስትና አቧራው ነው። ልጅቷ ግን ጥሩ ተናግራለች።

በመጨረሻ ያልጨረስነው አንድ ነገር አለ። ኢንዲየም የሚቀልጠው በ157 ዲግሪ አካባቢ ነው ስላቸው አንዷ "ታዲያ ካውያ አይበቃም?" አለች። ሳስበው ይበቃል። ከምናለሽ ተራ የሞተ 2400 ፈልገን ገዛን፣ ልጅቷ ከቤቷ ካውያ አመጣች፣ ሙጫውን ቆርጠን ክዳኑን ካውያው ላይ ደፍተን ልክ መሞቅ ሲጀምር መብራት ጠፋ። እስከ 11 ሰዓት ጠበቅን። በማግስቱ ፈተና ገባ። ፕሮሰሰሩም ካውያውም እስካሁን ላቡ ቁምሳጥን ውስጥ ናቸው፣ ባለፈው ሳምንት የልጅቷ እናት ደውለው "መምህር፣ ካውያዬ እዛው ተበየደ እንዴ?" አሉኝ።